የምርምር ዘዴን ከካፌው ሰልፍ ጀምሪው

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው ይህን ነው፦ ተመራቂ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎችን የምርምር ዘዴ ታስተምሪያለሽ፣ 68 ናቸው፣ ለመውጫ ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቷል። ቫሊዲቲ (መለካት የፈለግነውን ራሱን መለካት) ምንድን ነው፣ ሪላያቢሊቲ (ማንም ቢለካው ያው ውጤት መውጣቱ) ምንድን ነው ስትያቸው እንደ ዳዊት ይወጡታል። አንድ ሁኔታ ሰጥተሽ «እዚህ ጋ ችግሩ የቱ ነው?» ስትያቸው ግን ዝም ይላሉ። ለመስክ የሚሆን ብር የለም። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ኤስፒኤስኤስ ልጨምርላቸው ወይ?» ብለሻል፣ ያንን የስታቲስቲክስ የኮምፒውተር ፕሮግራም።

ልጆቹ ሰነፍ አይደሉም። ትምህርቱን ምዕራፍ በምዕራፍ ቆራርጠን የሰጠናቸው እኛ ነን። አንድ ሳምንት የጥናት ንድፍ፣ ሌላ ሳምንት ናሙና፣ ሌላ ሳምንት መጠይቅ። አንድን ጥያቄ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሸክሞ የሄደ ልጅ የለም። የምርምር ዘዴ ደግሞ ተያይዞ የሚሄድ ውሳኔ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በግዴለሽነት የወሰንሽው ነገር መጨረሻ ላይ ዞሮ ይይዝሻል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ትንሽ ጥያቄ ይዘሽ ስድስቱንም ሳምንት እሱኑ እንድታመላልሺው ነው።

እኔ ለብዙ ዓመት የተጠቀምኩት የተማሪዎች ካፌን ሰልፍ ነው። ትራንስፖርት አይጠይቅም፣ አበል አይጠይቅም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይገኛል። ጥያቄው «በምሳ ሰዓት ሰልፍ ጥሶ የሚገባው ተማሪ ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጊና ጥንዶቹ ተራርቀው ይቁሙ፣ ግማሽ ሰዓት በየግላቸው ጭረት እየጫሩ ይቁጠሩ፣ እርስ በርስ አይነጋገሩ። በነጋታው ክፍል ውስጥ የየጥንዱን ሁለት ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፊ።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ 11 ጻፈች፣ ጥንዷ 26። ያው ሰልፍ፣ ያው ግማሽ ሰዓት። ክፍሉ ተንጫጫ። ልጅቷ ተነሥታ «ብዙዎቹ እኮ ጓደኛ ቦታ ይዞላቸው ነው የገቡት፣ እሱ መጣስ አይደለም» አለች። ልጁ «ከኋላ ለቆመው ምን ለውጥ አለው? ያው አንድ ሰው ከፊቱ ተጨመረ» አለ። ከኋላ ወንበር ሌላው «ሽንት ቤት ሄዶ የተመለሰስ?» አለ። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ፣ ማንም ስልኩን አላየም። ከዚያ በኋላ ነው ጠመኔዬን አስቀምጬ «ይህ የምትከራከሩበት ነገር፣ ምን ይቆጠራል ምን አይቆጠርም የሚለው፣ ኦፕሬሽናል ዴፊኒሽን ይባላል» ያልኳቸው። ስሙን ቀድሜ አልሰጠኋቸውም። ስሙ ሲቀድም ልጆቹ ስሙን ብቻ ይይዛሉ። ነገሩ ሲቀድም ግን ስሙ የሚንጠለጠልበት ቦታ ያገኛል።

ክፍሉ አንድ ደንብ ተስማማ፦ ሰልፉ ላይ ቆሞ ሳይታይ ከሌላ ሰው ፊት የገባ ሁሉ ይቆጠራል፣ ቆሞ ቆይቶ ወጥቶ የተመለሰ አይቆጠርም። በድጋሚ ወጡ። የዚያ ጥንድ ቁጥር 19 እና 20 ሆነ። እዚህ ላይ ሪላያቢሊቲን ማስረዳት አያስፈልግሽም፣ ሰሌዳው ላይ አለ። ቀጥሎ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና «በጓሮ በር በኩል ሠራተኛ አውቋቸው የሚገቡትስ?» አለ። ማንም አልቆጠራቸውም። ሁለቱም ቆጣሪዎች ሙሉ ለሙሉ ተስማምተው በዚያ በር ከገቡት አንድም ሰው አልመዘገቡም። ቫሊዲቲ ማለት ይኼ ነው፦ በሚገባ ተስማምተን፣ በደንብ እየቆጠርን፣ ልናውቀው የፈለግነውን ነገር ግማሹን ሳናየው ልንቀር እንችላለን። ይህችን የጓሮ በር ያየ ልጅ ፈተና ላይ ሁለቱን ቃላት አያምታታም።

ከዚያው ሰልፍ ሌላም ይወጣል። ሰኞ ብቻ ብንቆጥር ስለ ሳምንቱ መናገር እንችላለን? ረቡዕና ዓርብ የፆምና የፍስክ ሰልፍ ሲለያይ ቁጥሩ ምን ይሆናል? ቆጣሪው ደብተር ይዞ ሲታይ ልጆቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ታዲያ የቆጠርነው ሰልፉን ነው ወይስ የታየውን ሰልፍ? አንዱ ተማሪዬ ለማስረጃ ብሎ በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ መጣ። ሰው ሳይፈቅድ መቅረጽ ይቻላል ወይ የሚለው የሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ የዚያን ዕለት ራሱን አስተማረ። ቪዲዮውንም እዚያው አጠፋው።

አሁን ወደ መጠይቅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ተማሪ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ይመስለኛል። መጠይቁን በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል፣ ለአማካሪው በእንግሊዝኛ ያስጸድቃል፣ ሜዳ ላይ ግን እዚያው ቆሞ በአፉ እየተረጎመ ይጠይቃል። አሥር ሰው ጋ አሥር ዓይነት ጥያቄ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ ከግቢው አጠገብ ያለ ሰፈር ገባን። አንዷ ተማሪ አንዲት እናት ጋ ቁጭ አለች። ሴትየዋ ምጣድ ላይ ናቸው፣ ጭሱ በበሩ ይወጣል፣ ከጎናቸው በጨርቅ የተሸፈነ ሠላሳ የሚሆን እንጀራ ተደርድሯል። ልጅቷ «ሥራ አለዎት?» አለቻቸው። «የለኝም ልጄ፣ ቤት ነኝ» አሉ፣ አክንባሎውን እያነሡ። ልጅቷም «ሥራ የሌላቸው» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እንጀራው ለሦስት ምግብ ቤት የሚሄድ ነበር፤ ቤቱ የሚተዳደረው በእሱ ነው። ሴትየዋ አልዋሹም። በእሳቸው አማርኛ ሥራ ማለት ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። «ባለፉት ሰባት ቀናት ገንዘብ ወይም እህል ያስገኘልዎት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሠሩት ነገር አለ?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። የሠራተኛ ኃይል ጥናቶች በሰባት ቀንና በአንድ ሰዓት የሚጠይቁትም ለዚሁ ነው።

እንዲህ ያሉ ቃላት ሞልተውናል። «ቤተሰብ» አንዴ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ነው፣ አንዴ አንድ ጣሪያ ሥር ያለ ሁሉ ነው፣ አንዴ አገር ቤት ያለው ዘመድ ሁሉ ነው። «ወንድሜ» የአጎት ልጅም ሊሆን ይችላል። «ስንት ልጅ አለዎት?» ስትይ ልጅ መቁጠር ደስ የማይላቸው እናቶች አሉ፣ የሞተውን ይዝለሉ ይቁጠሩም አይታወቅም። ዕድሜ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የቆጠራ መረጃችንን የዕድሜ ሰንጠረዥ አውጥተሽ አሳዪያቸው፤ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ ሰው ተከምሮ ታያለሽ፣ 30 ላይ ተራራ፣ 31 ላይ ገደል። ከ30 ዓመት በፊት ሰው ሁሉ ተጠባብቆ አልወለደም፣ ሰው ወደ ሞላው ቁጥር እያጠጋ ስለሚናገር ነው። ልጆቹ ይህንን በዓይናቸው ሲያዩ የመለኪያ ስሕተት የሚለው ሐረግ ትርጉም ያገኛል።

«በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም» የሚለውን መለኪያም ፈትኚላቸው። የእኔ ተማሪ አንድ አባት ጋ ሄዶ «ሴት ልጅ መማር አለባት» ሲላቸው «በጣም እስማማለሁ» አሉ። ከአምስት ጥያቄ በኋላ «ሴት ልጅ ከትምህርት ይልቅ ቤት ብትውል ይሻላል» ሲላቸውም «በጣም እስማማለሁ» አሉ። እንግዳ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሲናገር አይሆንም ማለት ነውር ነው፣ በዚያ ላይ ልጁን ያመጣው የቀበሌ ሰው በር ላይ ቆሟል። ይህ የአባትየው ጥፋት አይደለም። መሣሪያው ነው ጨዋነታቸውን እንደ አስተያየት የመዘገበው። ተማሪዎችሽ አንድ ነገር በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ መጠየቅን፣ ከአንድ እስከ አምስት ከሚል ይልቅ «ባለፈው ዓመት ከቤትዎ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ አለ? ወንድ ነው ሴት?» ብሎ የሆነውን ነገር መጠየቅን ይልመዱ።

ናሙና ላይ ሁለት ነገር ልበልሽ።

አንደኛ፣ ያቺን የናሙና ብዛት የሚያሰሉባትን የያማኔ ፎርሙላ ከጸሎት መጽሐፍነት አውጫት። ከመመረቂያ ጽሑፎቹ ውስጥ አሥሩን ብታነሺ በብዙዎቹ ላይ ታገኛታለሽ። 1,200 አባወራ አለ፣ የስሕተት መጠን 0.05 ነው፣ 1,200ን ለ4 (1 ሲደመር 1,200 ጊዜ 0.05 ጊዜ 0.05) ሲያካፍሉት 300 ይወጣል፤ አለቀ። ከዚያ ያንን 300 ሰው ከየት አመጣችሁት ስትዪ «ያገኘነውን» ይላሉ። ፎርሙላው እኮ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል ሲኖረው ነው። ገበያ ቆመሽ ያገኘሽውን ከጠየቅሽ 300ም ይሁን 3,000 ለውጥ የለውም። በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ለምርጫ ትንበያ ወደ 10 ሚሊዮን ወረቀት በትኖ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ነበር፤ ላንደን ያሸንፋል አለ፣ ሩዝቬልት ጠራርጎ ወሰደው። ስሞቹን ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር ያመጣው፣ መልሶ የላከውም የተወሰነው ሰው ነው። ብዛት አድልዎን አይጠግንም።

ሁለተኛው ስትራታና ክላስተር ነው። ፈተና ላይ የሚወድቁበት እዚህ ነው። እኔ የምጠቀመው የ2016 (በእኛ 2008) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትን ነው። መነሻው የ1999ኙ ቆጠራ የከፈላቸው 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ናቸው። መጀመሪያ አገሩን በክልልና በከተማ ገጠር 21 ላይ ከፈሉት፤ ከ21ዱም ይወሰዳል፣ አንዱም አይቀርም። ይህ ስትራታ ነው። ከዚያ ከቆጠራ ቦታዎቹ 645 ብቻ መረጡ፣ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር፤ የቀሩት አልተነኩም። ይህ ክላስተር ነው። ከዚያ በየተመረጠው ቦታ ቤቶቹን እንደገና መዘገቡና 28 ቤት አወጡ። «ለምን እንደገና መዘገቡ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ቆጠራው ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፣ በመሀሉ ሰው ሄዷል፣ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፣ ቤት ፈርሷል። ሳምፕሊንግ ፍሬም፣ ማለትም ናሙናው የሚወጣበት ዝርዝር፣ የሚለው ቃል የሚገባቸው እዚያ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይያዙ፦ ከስትራታ ከሁሉም ትንሽ ይወሰዳል፣ ከክላስተር ጥቂቶቹ ተመርጠው የቀሩት ይተዋሉ።

ክፍል ውስጥ በወረቀት ደግሞ ይህን ሥሪ። 68ቱም ከእናታቸው የተወለዱትን ልጆች ቁጥር ራሳቸውን ጨምረው በብጣሽ ወረቀት ይጻፉ፣ ባርኔጣ ውስጥ ይግባ። አምስት አምስት እያወጣሽ አማካዩን ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ ወረቀቶቹን እየመለስሽ። ከዚያ ሃያ ሃያ እያወጣሽ። የአምስቱ አማካይ እንደ ፌንጣ ይዘላል፣ የሃያው ይረጋጋል። ከዚያ ጠይቂ፦ «ይህ የእናቶቻችሁን ትውልድ አማካይ የልጅ ቁጥር ይነግረናል?» አብዛኞቹ አዎ ይላሉ። አይነግረንም። ልጅ ያልወለደች ሴት ባርኔጣው ውስጥ የምትገባበት መንገድ የለም፣ ስምንት የወለደችው ግን ስምንት ዕድል አላት። ይህን ስነግራቸው የሚሆነውን ፀጥታ እወደዋለሁ።

በቁጥር ሳይሆን በሰው ቃል የሚሠራው የዓይነታዊው ጥናት ላይ ብዙ አልልም፣ አንድ ብቻ። ተማሪ «ጥልቅ ቃለ መጠይቅ» ይልና መጠይቁን አንብቦ ይመለሳል። ሁለት ተማሪ አስቀምጪ፣ እያንዳንዱ ከዓረብ አገር የተመለሰች እህቱን ወይም ጎረቤቱን ያነጋገረውን (ፈቃዷን ጠይቆ፣ ስሟን ቀይሮ) ያንብብ። «ከብዶሽ ነበር?» ያለው ልጅ «አዎ» ብቻ ይዞ ይመጣል። «የመጀመሪያውን ቀን ንገሪኝ» ያለው ሁለት ገጽ ይዞ ይመጣል። ልዩነቱን ለማየት ሌላ ትምህርት አያስፈልጋቸውም።

እንግዲህ ክለሳው። ማስታወሻን ደጋግሞ ማንበብ እንደማይጠቅም አንቺም አይተሻል፤ ያነበቡት ነገር የታወቀ ስለሚመስላቸው ያወቁት ይመስላቸዋል። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ባዶ ወረቀት ስጪያቸው፣ ካለፈው ሳምንትና ከሦስት ሳምንት በፊት የተማሩትን ከራሳቸው አውጥተው ይጻፉ፣ ደብተር ዝግ። ነጥብ አትስጪበት። ጎረቤት ከጎረቤት ይተራረም። መጀመሪያ ሳምንት ያጉረመርማሉ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ራሳቸው ወረቀት ይዘው ይመጣሉ።

የምርጫ ጥያቄ ስታሠሪያቸው ትክክለኛውን መልስ ማክበብ አይበቃም። ለቀሩት ሦስቱ «ይህ መልስ ትክክል እንዲሆን ጥያቄው ውስጥ ምን ይቀየር?» ብለው አንድ አንድ መስመር ይጻፉ። ለምሳሌ ጥያቄው «ተመራማሪዋ ከ40 ትምህርት ቤቶች 6 መርጣ በውስጣቸው ያሉትን መምህራን ሁሉ ጠየቀች» ካለ መልሱ ክላስተር ነው። ወደ ስትራታ ለመቀየር «ከ40ዎቹም ጥቂት ጥቂት መምህር በዕጣ አወጣች» ማለት ይበቃል። በአንድ ጥያቄ አራት ይማራሉ። በቀን አምስት ጥያቄ እንዲህ ከሠሩ በቀን ሃምሳ ካከበቡት ይበልጣል፤ እኔ በዚህ አልጠራጠርም።

ከቤተ መጻሕፍት የቆዩ መመረቂያ ጽሑፎች አውጪ፣ ስሙን ሸፍነሽ የምዕራፍ ሦስትን፣ ዘዴው የሚጻፍበትን፣ ፎቶ ኮፒ ለየቡድኑ ስጪ። «ለምን ይህን ዘዴ መረጡ? ምክንያቱ ተጽፏል ወይስ ፍቺው ብቻ ነው የተጻፈው?» ይሉ። አብዛኛው ላይ የሚያገኙት የዘዴውን ፍቺ ነው። ምክንያቱ የለም። ከዚያ የራሳቸውን ጽሑፍ አውጥተው እንዲያዩ አድርጊ፣ ብዙም መናገር አይኖርብሽም።

ቋንቋውን በተመለከተ ደግሞ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ክርክሩን በአማርኛ ወይም በሚቀናቸው ቋንቋ ይክፈቱት፣ መልሱን ብቻ በእንግሊዝኛ ይጻፉ። በእንግሊዝኛ ዝም የሚለው ልጅ በቋንቋው ሲከራከር የተሻለው አሳቢ ሆኖ ሲገኝ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያንን ልጅ ሰነፍ ብለን ስንቱን አሳለፍነው።

ኤስፒኤስኤስ? አሁን አይደለም። ስድስት ሳምንት አለሽ፣ ኮምፒውተሩ ክፍል ግማሹ አይሠራም ብለሻል። በእሱ ፈንታ አንድ ሰንጠረዥ በእጃቸው ይሥሩ፣ ከዚያው ከሰልፉ። 120 ወንድና 80 ሴት ጠየቅን እንበል፣ «በዚህ ሳምንት ሰልፍ ጥሰህ ታውቃለህ?» 30 ወንድና 20 ሴት አዎ አሉ። «ማን ይብሳል?» በያቸው። «ወንዶች!» ይላሉ፣ ከ50ው 30ው ወንድ ነው፣ 60 በመቶ። አሁን በየፆታው ያስሉ፦ 30 ከ120፣ 25 በመቶ። 20 ከ80፣ እሱም 25 በመቶ። ምንም ልዩነት የለም። መቶኛው የሚሰላው መንስኤ ይሆናል ባልነው ተለዋዋጭ በኩል ነው፣ እዚህ ላይ በፆታ። ይህን በእርሳስ የሠራ ልጅ ፕሮግራሙን የከፈተ ቀን ከረድፍ መቶኛና ከዓምድ መቶኛ የትኛውን ሳጥን እንደሚጫን ያውቃል፤ ያልሠራው ሁለቱንም ተጭኖ ትልቁን ቁጥር ይጽፋል።

ሰኞ ከሰልፉ ጀምሪ። ያ «ቦታ ያዝልኝ» የሚለው ክርክር የእናንተ ካፌ ውስጥ ወዴት እንደሄደ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፣ እኔ ጋ በየዓመቱ ሌላ ደንብ ላይ ነው የሚደርሱት።